መቶ ሰማንያ የመለየት ቀናት

እትዬ ኤልዳና ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የእጃቸው አምባር ሦስት ጥያቄ ጠየቃቸው። ትናንት በማዕከሉ በር በኩል አልፈዋል? ከቀድሞ ባልደረባ ወይም ተገልጋይ ጋር ከአምስት ደቂቃ በላይ ተነጋግረዋል? ወደ ሥራ የመመለስ ሐሳብ አለዎት? ለሦስቱም «የለም» ብለው መለሱና ወደ ጓዳ ገብተው ሊጥ ማቡካት ጀመሩ።

ሦስተኛው መልስ ውሸት ነበር። በዚያች ሰዓት በቀጨማ ከተማ ያንኑ ጥያቄ የሚጠየቅ ጡረተኛ ሁሉ ያንኑ ውሸት ይዋሻል፤ አምባሮቹም በትሕትና ያመሰግናሉ።

ደንቡ አጭር ነው። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ተመልሶ በሳምንት አሥራ ዘጠኝ ሰዓት መሥራት ይችላል። ከዚያ በፊት ግን መቶ ሰማንያ ቀን ከሥራው ፍጹም መለየት አለበት። መለየቱም የእውነት መሆን አለበት። እመለሳለሁ ብሎ የወጣ ሰው ወጣ አይባልም፤ ስለዚህ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይመለስም። እንዲመለስ የሚፈቀድለት መመለስን በልቡ ያላሰበ ብቻ ነው። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች ራሳቸው ጡረታ ወጥተው፣ ምንም ሳያስቡ የተመለሱ ነበሩ።

በ2121 ዓ.ም. ከከተማዋ የመንግሥት ሠራተኛ እኩሌታው እንዲህ ያለ ተመላሽ ነበር። የቀረው እኩሌታ ደግሞ ለመውጣት የሚሰናዳ ነው። አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ስለ ዝናብና ስለ ወገባቸው ያወራሉ እንጂ ስለ ሥራ ትንፍሽ አይሉም። ጡረታ የወጣ የመንገድ መሐንዲስ የተሰነጠቀ ድልድይ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሳና ፈጠን ብሎ ያልፋል። አንድ ሰሞን፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ገበያ መሃል የወደቀ ሰው ስታይ ዞር ብላ ሽንኩርት ስትመርጥ ታየች ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር። መቶ ሰባ ሁለተኛ ቀኗ ነበር አሉ። ወሬውን የሰማ ሁሉ አዘነ፤ ለነርሷ ማለቴ ነው።

እትዬ ኤልዳና በአካል ድጋፍ ማዕከል ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ሠራሽ እግር ሠርተዋል። አብዛኛውን እግር የሚሠራው ማሽን ነው። ለክቶ፣ ቀርጾ፣ አለስልሶ በአርባ ደቂቃ ያወጣዋል፤ የሚያምር እግር ነው። ማሽኑ የሚለካው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተቆረጠ እግር ደግሞ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ቆሞ ሲውል ያብጣል፣ ሲተኛ ይሟሽሻል፣ ሲበርደው ይኮማተራል። እትዬ ኤልዳና ሰውየውን ቀኑን ሙሉ እያስቀመጡ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ወደ ማታ በርጥብ ጀሶ በእጃቸው ይለኩታል፤ ከሦስቱ ልኮች መካከል ያለውን ደግሞ ጣታቸው ያውቀዋል። በማሽኑ እግር ሃያው ሰው ቀጥ ብሎ ሲሄድ አንዱ ይቆስላል። ያ አንዱ የእሳቸው ነበር። እሳቸው ሲወጡ ቦታው ተዘጋ፤ ጠረጴዛው ላይም «ተመላሽ ካልተገኘ አይሞላም» የሚል ተለጠፈበት።

ስለዚህ ሊመለሱ ቆርጠው ነበር። ቀድመው የተመለሱት ምክራቸውን ሹክ ብለዋቸዋል፤ ምንም ነገር ትተሽ እንዳትወጪ፣ ዕቃ መተው መመለስን ማሰብ ነው። ሽርጣቸውን፣ ጠረጴዛ ሥር የምትኖረውን ነጠላ ጫማቸውን፣ ጆሮው የተሸረፈውን ሲኒያቸውን ሰብስበው ወጡ። በሽኝቱ ዕለት የማዕከሉ ኃላፊ «ወይዘሮ ኤልዳና ከእንግዲህ ለዚህ ማዕከል አያስፈልጉም» የሚል ንግግር አነበበ። ሁሉም አጨበጨበ። እትዬ ኤልዳናም አለቀሱ፤ ቀረጻው ላይ ልቧ የቆረጠ ሴት ይመስላሉ።

የዳቦው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እጃቸው እንዳይረሳ ፈሩ። በየጠዋቱ ሊጡን በመዳፋቸው እያሻሹ ይጠቀልሉታል፣ ኩፍ ሲል እንደገና ይዳስሱታል፣ ስንት እንዳበጠ በጣታቸው ይገምታሉ። አምባሩ ሊጥ ላይ ጥያቄ የለውም። ጎረቤቶቻቸው ሲቀርብላቸው፣ «እትዬ፣ ዳቦዎ ለምንድን ነው ጉልበት የሚመስለው?» እያሉ ይስቁ ነበር።

በስልሳ አንደኛው ቀን በሚኖሩበት ሕንፃ አሳንሰር ውስጥ አየለችን አገኟት። የአያቶች ስም ወደ ወጣቶች የተመለሰበት ዘመን ነውና አየለች ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አራተኛ ፎቅ ትኖራለች፤ አትክልት ተራ ቆማ ትሸጣለች፤ ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች የለም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ እግር የሠሩላት እሳቸው ናቸው። አሁን በክራንች ነበረች፤ የማሽኑ እግር በፌስታል ተጠቅልሎ በብብቷ ሥር ተይዟል።

ሰላም አላለቻቸውም፤ ለእሳቸው ብላ ነው። ግድግዳውን እያየች፣ «ዘንድሮ ዝናቡ ምን ነካው» አለች።

«ይመጣል» አሉ እትዬ ኤልዳና በሩን እያዩ።

ሲወርዱ ግን ዓይናቸው አላስቻለውም፤ የቀሚሷን ጫፍ አለፍ ብሎ የጉልበቷን ታች አየ። ቀልቷል፤ አንዱ ጎኑም ውኃ ቋጥሯል። ሁለት ጣት ቢያሳርፉበት የቱ ጋ እንደሚጫናት ያውቁታል። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ጨበጡት። በማግስቱ አምባሩ ተገልጋይ አግኝተዋል ወይ ሲላቸው፣ ከአምስት ደቂቃ በታች ነው ብለው በእውነት መለሱ። ያን ቀን ሊጥ አላቦኩም።

ከባልደረቦቻቸው ሁሉ የናፈቋቸው ጋሽ ያብስራ ነበሩ። ጋሽ ያብስራ የእግሩን የቆዳ ማሰሪያ የሚሠሩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠረጴዛቸው ከእሳቸው ጠረጴዛ ጋር ገጥሞ የኖረ ሰው ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ወጥተው፣ ተለይተው፣ ተመልሰዋል። አዲስ እግር ያጠለቀውን ሁሉ ክርኑን ይዘው ግቢውን የሚያዞሩት እሳቸው ነበሩ፤ «መሬቷ አትነክስህም፣ ርገጣት እንጂ!» እያሉ ይቆጣሉ። በእነዚያ ወራት እትዬ ኤልዳና አንድ ቀን ብቻ ዱቄት መሸጫው ደጃፍ ላይ አገኟቸው። ጋሽ ያብስራ ባርኔጣቸውን አነሱ። ስለ ዝናቡ ሁለት ደቂቃ ተነጋገሩና ተለያዩ።

በመቶ አርባ ሦስተኛው ቀን ጠዋት አምባሩ በእድሩ ጥሩምባ ድምፅ ጮኸ። ያው የጥንቱ ጥሩምባ ነው፣ ተቀርጾ የገባ። «ጋሽ ያብስራ አርፈዋል። ቀብር ዛሬ ስድስት ሰዓት። የማዕከሉ ሠራተኞች እድር።» ከሥሩ በሌላ ቀለም የሚከተለው ተጽፏል፦ «ይህ መልእክት የመጣው ከቀድሞ ባልደረቦችዎ ነው። ማንበብዎ ተመዝግቧል።»

ያን ጊዜ ነው እትዬ ኤልዳና ስህተታቸውን ያወቁት። ሲኒውን ወስደዋል፣ ጫማውን ወስደዋል፤ ከእድሩ ግን አልወጡም። እርግጥ የረሱት እሳቸው ብቻ አይደሉም። በማዕከሉ አንድም ሰው እድርን ከሥራ ቆጥሮት አያውቅም። መካሪዎቹም ቢሆኑ ስለ ነጠላ ጫማ ተጨንቀው ሲያበቁ ስለ እድር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ማን ነው ሥራ ስለ ለቀቀ ከቀባሪዎቹ የሚለቅ?

ጥቂት ቆመው አሰቡ ብል ደስ ባለኝ። አላሰቡም። ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ሰው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጦ፣ የመጨረሻው ወሬ ስለ ዝናብ መሆኑ ደረታቸውን እያቃጠላቸው ነበር የሄዱት።

ድንኳኑ ውስጥ ባልደረቦቻቸው ሲያዩአቸው ደነገጡ። ወዲያው ግን መላ መቱ። አንዱ መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ አራት ደቂቃ ሲሆነው አንገቱን ደፍቶ ይነሳል፤ ሌላው ይተካል። የሚያስተባብሩት የእድሩ ዳኛ እትዬ ሶልያና ነበሩ፤ የማዕከሉ ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ከመርፌ እስከ ማሽን ቆጥረው የሚያስረክቡ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ደግሞ ደቂቃ ቆጠሩ። የጋሽ ያብስራ ባለቤት ወይዘሮ ሄመን ከፍራሻቸው ላይ ሆነው ይህን የሰው መተካካት ግራ ገብቷቸው ያያሉ።

በሁለተኛው ቀን የተረኞች ስም ተነበበ፤ ንፍሮ የሚቀቅሉ፣ ውኃ የሚያቀርቡ። የእትዬ ኤልዳና ስም እንደ ድሮው በተራው ተጠራ። እትዬ ሶልያና ጓዳ ድረስ ተከትለው መጡ።

«ኤልዱ፣ አንቺ ቤትሽ ግቢ። ሠላሳ ሰባት ቀን ነው የቀረሽ።»

«እኔ መች ቆጠርኩ?»

«እኔ ቆጥሬልሻለሁ። ነይ ውጪ፣ አራት ደቂቃዬ ሊሞላ ነው።»

እትዬ ኤልዳና ሽንብራውን ከውኃው አወጡ። «ተይኝ ሶሊ! ያብስራን የማለቅሰው በፈረቃ አይደለም። ተረኛ ነኝ፣ እሠራለሁ።»

ሠሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ቀን፣ በቀን ስድስት ስድስት ሰዓት፣ ከቀድሞ ባልደረቦቻቸው ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነው ቀቀሉ፣ አጠቡ፣ አቀረቡ። ጋሽ ያብስራ ሕመምተኛውን ሲቆጡ እንዴት እንደነበር አንዷ አስመስላ ስታሳይ ጓዳው ውስጥ ሳቅና ልቅሶ ተደበላለቀ። አምባሩ ሁሉን ነገር ዝም ብሎ ሰማ።

በመቶ ሰማንያ አንደኛው ቀን፣ ዓርብ፣ የመለየት መርማሪው ዘንድ ቀረቡ። መርማሪው አቶ ደምሴ የሚባል የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነው። ተነስቶ ተቀበላቸው፣ ውኃ አቀረበላቸው፣ ደህና አድረው እንደሆነ ጠየቃቸው። ከዚያ መዝገባቸው ወደሚታይበት መስታወት ዞረ።

«ወይዘሮ ኤልዳና፣ መቶ አርባ ሁለት ቀን እንከን የለበትም። እንደዚህ የጸዳ መለየት አይቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን አሥራ ስምንት ሰዓት ነው።»

«ሰው ሞቶብኝ ነው፣ ልጄ።»

«ነፍስ ይማር። ስለ ሐዘኑ አይደለም፤ ሐዘን ይፈቀዳል።» ጣቱን ወደ መስታወቱ ዘረጋ። «ችግሩ ይህ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ያወጡት የማዕከሉ ሠራተኞች ናቸው። ስምዎ አለበት፣ ተራዎ አለበት፣ የሚሠሩት ተጽፎበታል፤ እርስዎም ተገኝተው ሠርተዋል። በደንቡ ይህ የሥራ ምድብ ነው። በሥራ ምድብ ላይ ስሙ ያለ ሰው ደግሞ ከሥራው አልተለየም።»

«ንፍሮ መቀቀል ሥራ ነው?»

«ንፍሮው አይደለም፣ ዝርዝሩ ነው» አለ አቶ ደምሴ። አፍሯል፤ ማፈሩ ግን ጣቱን ከመስታወቱ አላነሳውም። «አሁንም አንድ መንገድ አለ። ከእድሩ በጽሑፍ ቢለቁ ቆጠራው ከዚያ ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል። ሌላ መቶ ሰማንያ ቀን ነው። ወይም ደግሞ በዚያን ጊዜ የእድሩ አባል እንዳልነበሩ ማስረጃ ካመጡ፣ እንግዳ ለቀስተኛ ነበሩ ማለት ነው፣ ይታለፋል። ሁለቱም ካልሆነ ውሳኔው ለዘለቄታው ይጸናል። አምስት ቀን አለዎት።»

«ከእድሬ አልወጣም» አሉ እትዬ ኤልዳና ሲነሱ። «ከሥራዬም አልቀርም።»

«ሁለቱ አብረው አይሄዱም፣ እማማ።»

«እኔ አብሬያቸው ስሄድ ነው የኖርኩት።»

እሁድ እድሩ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። እትዬ ሶልያና የመተዳደሪያ ደንቡን አንገታቸው ላይ በተንጠለጠለው መነጽር እያዩ ቆመው አነበቡ። አንቀጽ ዘጠኝ፦ ከማዕከሉ የለቀቀ አባል በሠላሳ ቀን ውስጥ በደብዳቤ አባልነቱን ካላሳደሰ፣ ከለቀቀበት ቀን ጀምሮ አባል አይደለም። ይህን አንቀጽ ማንም አስታውሶት አያውቅም። ማንም ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም።

«ኤልዱ አልጻፈችም። ስለዚህ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ አባላችን አይደለችም። ድንኳናችን የገባችው እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው። የምትደግፉ እጅ አውጡ።» መነጽራቸውን አወረዱ። «ምን ታፈጣላችሁ? እጅ አውጡ!»

አርባ ሦስት እጅ ተነሳ። ከሰው እድር መባረር ምን እንደሆነ እዚያ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ያን ቀን ግን ከፍቅር የተነሳ እጅ ነበር። ከፊሉ እያለቀሰ ነው ያነሳው።

እትዬ ኤልዳና ቆሙ። «ያብስራስ ጽፎ ነበር?»

እትዬ ሶልያና የደንቡን ወረቀት አጠፉ።

«ስድስት ዓመት ነው ከወጣ። ጽፎ ነበር ወይ ነው የምላችሁ?»

«እሱ ሞቷል፣ ኤልዱ» አሉ እትዬ ሶልያና። «ቃለ ጉባኤው ላይ ከአንቺ ጋር አብረን እንጽፈዋለን፤ አለዚያ መርማሪው ለእሱ ድንኳን ተክላችሁ እሷን እንዴት አባል አይደለችም ትላላችሁ ይለናል። ወረቀት ብቻ ነው። ለሄመን አንነግራትም።»

«ሰውየውን እድር የሌለው ልታደርጉት ነው? ቀብረነው ስናበቃ?» ወገባቸውን ይዘው ዙሪያውን ተመለከቱ። «ሄመን ፊት ንፍሮ ያቀረብኩት እንደ መንገደኛ ነው? እጃችሁን አውርዱ። አውርዱ ብያለሁ! እግር እሠራለሁ ብዬ የሰው ቀብር አላፈርስም።»

እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። እትዬ ሶልያና ተናደዱ፤ ግትር ነሽ፣ ድሮም ግትር ነበርሽ፣ ጀሶ ውስጥ እጅሽን ነክረሽ ኖረሽ ጭንቅላትሽም ደረቀ አሉ። ቀጥለው አቀፏቸው። ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው ብለው ጠየቁ።

«እንጃ» አሉ እትዬ ኤልዳና፤ እውነታቸውን ነበር።

ሰኞንና ማክሰኞን ቤታቸው ተቀምጠው መርማሪው ሲሸኛቸው የሰጣቸውን ማስታወቂያ ደጋግመው አነበቡ። እትዬ ኤልዳና አንድ ልኬት ሦስት ጊዜ መለካት የለመዱ ሰው ናቸው፤ ጽሑፉንም ጠዋት አነበቡት፣ ቀትር ላይ አነበቡት፣ ወደ ማታ አነበቡት። ማክሰኞ ወደ ማታ ሲያነቡት አንድ ቦታ ላይ አልተመቻቸውም። እንደገና ዳሰሱት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ብቻቸውን ሳቁ።

ረቡዕ ጠዋት፣ በመቶ ሰማንያ ስድስተኛው ቀን፣ አቶ ደምሴ ፊት ተቀመጡ። መልቀቂያም ማስረጃም አላመጡም። ውሳኔውን በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ብቻ ጠየቁ።

«ይግባኝ አይሉም?»

«አልልም። ያልከኝን ብቻ ሳታጎድል ጻፍልኝ፤ ስለ ዝርዝሩ ያልከውን።»

አቶ ደምሴ እፎይ አለ፤ የሚያለቅሱበት መስሎት ነበር። እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «ወይዘሮ ኤልዳና በማዕከሉ ሠራተኞች በወጣ የሥራ ምድብ ላይ የነበሩና በምድባቸው የተገኙ በመሆናቸው፣ ጡረታ ወጡ ከተባለበት ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ከሥራቸው ያልተለዩ መሆናቸው ተረጋግጧል።» ማኅተሙን አሳረፈበት። «በጣም አዝናለሁ።»

«አትዘን ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሃል» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ጡታቸው ሥር ከተቱት።

ወደ ቤት ሲገቡ አየለች አሳንሰሩ ውስጥ ነበረች። ልማዷ ነውና ግድግዳውን እያየች ስለ ዝናቡ ልትጀምር አፏን ከፈተች። እትዬ ኤልዳና ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«አሳዪኝ» አሉና ቀሚሷን ከፍ አድርገው ሁለት ጣታቸውን ቁስሉ ዳር አሳረፉ። አምባሩ አንድ ጊዜ ነዘረ። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማዕከሉ ጋ ነይ። እስከ ማታ ነው የምትቆዪው፤ ምሳሽን ያዢ።»

«እትዬ! ተፈቀደልዎት እንዴ?»

«እሱን ነገ በሩን እንጠይቀዋለን።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ እትዬ ኤልዳና ሽርጣቸውን ለብሰው የማዕከሉ በር ፊት ቆሙ። አየለች ከኋላቸው በክራንች ቆማለች። ከንብረት ክፍሉ መስኮት እትዬ ሶልያና አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ያያሉ። ሌሎቹም አንድ ሁለት እያሉ መስኮቱን ሞሉት። ለጡረተኛ ይህን በር ያለ መመለሻ ፈቃድ መንካት ራሱ ወንጀል ነው፤ እትዬ ኤልዳና ሙሉ መዳፋቸውን ለጠፉበት።

«ጡረታ የወጡ ሠራተኛ ነዎት» አላቸው በሩ። «እባክዎ ይመለሱ።»

ወረቀቱን አውጥተው የበሩ መስታወት ላይ ዘረጉት። «አልወጣሁም። አንብበው። ከሥራዬ አልተለየሁም ይላል፣ እስከ ትናንት ድረስ። ከሥራው ያልተለየ ሰው እንዴት ጡረታ ይወጣል?»

በሩ አነበበ። አየለች ክራንቿን ከአንዱ ብብቷ ወደ ሌላው አዛወረች። እትዬ ኤልዳና እጃቸውን ከበሩ ላይ አላነሱም።

«ሁለት ውሳኔዎች ተቃርነዋል» አለ በሩ በመጨረሻ። «የኋለኛው ይጸናል። መደበኛ ሠራተኛ ነዎት። ለአንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ቀናት ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርተዋል። ምክንያትዎን ያስረዱ።»

እትዬ ኤልዳና ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጁም ነበር። መልሱ ግን ሠራተኛ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ የሚያውቁት ነበር፤ አሁንም እውነት ነው።

«ለቅሶ ነበረብኝ» አሉ።

በሩ ተከፈተ።